ጆሮዬን የነካሁ ለት

ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን ስይዝ የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች፤ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር አለ፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ በየጣቢያው ውስጥ ደግሞ የገባው ቡና በኪሎ። እሷ አንዲት መስመር ትጽፋለች። ላምዳ ይሏታል፤ ስም ያልወጣላት አጭር ደንብ ናት አለችኝ። ደንቧ በየዝርዝሩ ውስጥ ትገባና አንድ በአንድ እያየች ከተወሰነው ኪሎ ያነሰውን ትተዋለች፣ ያለፈውን ከኪሎ ወደ ኩንታል ትቀይረዋለች። «እቺንስ አውቃታለሁ» አልኩና ነው ጆሮዬን የያዝኩት።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ዕድሜያችን የሚታወቀው በክንዳችን ነው። እጅህ በአናትህ ላይ ዞሮ ወዲያኛውን ጆሮ ከነካ ለትምህርት ደርሰሃል፤ ካልነካ ወደ ቤትህ። የኔ ዘመን ሰዎች ይህን ሲያነቡ እጃቸውን ሳያነሱ አይቀሩም።

እኔና ወንድሜ ጅግሶ መንታ ነን። አባታችን ከደጋው ከቡሌ ዲላ ትምህርት ቤት ይዞን የወረደው ለጅግሶ ብሎ ነው፤ ወረቀት የሚያነብልኝ፣ ዳኛ ፊት የሚቆምልኝ አንድ ልጅ ይኑረኝ ይል ነበር። እኔ የተከተልኩት ጅግሶ ብቻዬን አልሄድም ብሎ ስላለቀሰ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን ሁሉ እጃችንን በአናታችን ላይ እየጠመዘዝን ስንለማመድ፣ ጭቃው ላይ ስንንሸራተት ወረድን። ጅግሶ አንገቱን ትንሽ ካዘነበለ ይነካ ነበር። ራሱ ትልቅ ነው፤ እናታችን የአባቱ ራስ እያለች ትቀልድበታለች።

ግቢው የረጠበ ባሕር ዛፍና አዲስ ኖራ ይሸታል። በየመንደራችን ተሰልፈን ተቀመጥን፤ በየመንደሩ ውስጥ ደግሞ የአንድ አባት ልጆች አንድ ላይ። መምህሩ መዝገባቸውን ይዘው ከመንደር መንደር፣ ከቤት ቤት እያሉ መጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን አነሳሁ፤ ጣቴ ጆሮዬን ያዘ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ሎኮ አልኳቸው። «ብርሃኔ ብዬሻለሁ» አሉና ጻፉ። ያኔ ከኛ ሰፈር ያለፈ ብዙው ልጅ በአንድ ስም ገብቶ በሌላ ስም ነበር የሚወጣው።

ጅግሶ እጁን አነሳ። አንገቱን ሊያዘነብል ሲል መምህሩ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀኑት። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቀስ ብለው ነው ያቀኑት። ጣቱ ከጆሮው በላይ ቀረ። «የከርሞ ሰው ይበለን» ብለውት አለፉ።

አባቴ ከኋላ ተከተላቸው። አማርኛው ጥቂት ነበር። «ጌታዬ፣ አንድ ሆድ ነው፣ አንድ ቀን ነው» አላቸው። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ነው» አሉት። አባቴ የቡሉኮውን ጫፍ እየጠመዘዘ ወደኛ ተመለሰ። እኔ ጣቴን ትንሽ ሰብሰብ ባደርግ ኖሮ ሁለታችንም እንመለስ፣ በዓመቱም አብረን እንገባ ነበር። ይህ የመጣልኝ ግን ወደ ቤት ስንወጣ ነው።

በዓመቱ የጅግሶ እጅ ጆሮውን አልፎ አንገቱ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አባቴ እግሩን ታሞ ተኝቶ ነበርና እንሰቱም ቡናውም ጅግሶ ትከሻ ላይ ወድቋል። እኔ ዲላ ዘመድ ቤት ሆኜ እማራለሁ። ለእረፍት ስመለስ ፊደል ላስቆጥረው እሞክር ነበር፤ ደክሞት እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔው አድጌ አስተማሪ ሆንኩ። የስንት ልጅ ራስ በእጄ እንዳቀናሁ እግዜር ይቁጠረው። ደንብ ነው እያልኩ።

ዛሬ ልጅ ሲወለድ ወረቀቱ አብሮት ይወጣል፤ ጆሮውን ንካ የሚለው የለም። ደስ ይላል። የልጅ ልጄን ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ደንቧ የተወቻቸው የት ይሄዳሉ?

«የትም አይሄዱም፣ አያቴ። እሷ አዲስ ዝርዝር ነው የምትሠራው፤ የድሮው እንዳለ ነው።» ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም ሁሉም በየቦታው አለ። የኛም ቤት የድሮ ዝርዝር ቢከፈት ጅግሶና ሎኮ ጎን ለጎን ነን። ጅግሶ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ሎኮ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር የቀረው።

«እስቲ ሎኮ በይኝ» አልኳት። ግራ እየገባት አለችኝ። እሱ እንደሚለው አልሆነም።