ላሟ የተሸጠችበት ብርሃን

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ የመብራት ሽቦ በላያቸው አልፎ ወደ ሶዶ ከሚወርድባቸው ቤቶች በአንዱ ፈጠነች የምትባል ሴት ትኖራለች። ከሽቦው ለእነሱ የደረሳቸው ጥላው ብቻ ነው። ባሏ ጩማ ሳል ደረቱን ሲያቃጥለው ከተማ ወሰደችው፤ ሐኪሙም «ጭስ አታስጠጉበት» አላት።

ጭስ ሲባል የታያት ኩራዙ ነው። ማን ይፈርድባታል? ሶላር ሻጩ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው ይህንኑ ነበር፤ «ነጭ ጋዝ ሳንባ ይበላል! ፀሐይ ግን በነጻ!» በነጻ ይላል እንግዲህ፣ አፈ ቅቤ!

ለሶላሩ መግዣ ያላት ሀብት አንዲት ላም ናት። ላም ደግሞ ወተት ብቻ አይደለችም። ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች፣ ጠዋት እበቷ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ እንሰቱ እሱን በልቶ ያድጋል፣ ቤተሰቡ እንሰቱን ይበላል።

«ላሟ ከሄደች እንሰቱን ምን ታበዪዋለሽ? መብራት?» አላት ጩማ፤ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

«አንተ ከሄድክስ እንሰቱን ማን ይበላዋል?»

«አንቺ ነሻ! ሆድሽን አላውቀውም?»

ተሳሳቁ። ላሟ ግን ተሸጠች።

መብራቱ በራ። ደግ ነገር ነው፣ አልዋሽም። ልጆቹ አጠኑበት፣ ስልክ ለመሙላት ሶዶ መውረድ ቀረ፣ የኩራዙ ጥላሸት ከአፍንጫቸው ጠፋ። የጩማ ሳል ግን ባሰ። እንዴት አይብስ? ምድጃው ከመኝታው አጠገብ ነው፤ እርጥቡ እንጨት እንደ ድሮው ይጨሳል፤ ቤቱ መስኮት የለው። ስለ ምድጃው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሻጩ ምን አገባው፣ ጉልቻ ከቤት ማውጣት ገንዘብ አያመጣለት! ከተማ ተቀምጠን ስለ ፀሐይ ኃይል የምንደሰኩረው እኛስ ምን ነካን?

እንሰቱ ፍግ አጥቶ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ጩማ ሞተ።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ወንድሙ ቦልቴ መጣ። «ሶላሩን ሸጠሽ ጊደር ግዢ» አላት። «ምን ጠቀመሽ?»

«ጩማ ሲከሳ አየሁበት» አለች ፈጠነች። «በኩራዝ ቢሆን ፊቱን እንዲህ ለይቼ አላየውም ነበር። እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው እያየሁ እኔ ቆጮ እጋግራለሁ። እዚሁ፣ አጠገቡ።»

ቦልቴ ምድጃውን አየ፣ ጥቁሩን ጣሪያ አየ። ተነስቶ መጥረቢያ አነሳና ጓሮ ገባ። ባላ ቆርጦ ተከለ፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ከደነ፣ ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወጣቸው። ማድቤቱ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አለቀ።

«በቃ? ጭሱን ከቤት ለማስወጣት ይኸው ነው?» አለች ፈጠነች።

«ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ጩማ ሲቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።