ያልፈላ ወተት

ዘውድነሽ ወተት ማቆየት ታውቅበታለች። ዳንግላ ገበያ የሷ ወተት በሁለተኛው ቀንም አይኮመጥጥም ይባልላት ነበር። የማለቢያውን ቅል በግራዋ ቅጠል ትፈገፍገዋለች፣ ፀሐይ ላይ ትደፋዋለች፣ ከዚያ የወይራ ፍልጥ ለኩሳ ውስጡ እስኪጠቁር ታጥነዋለች። ቅሏን ለማንም አታውስም።

በ1968 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ልጇ ደጊቱ ወንድ ወለደችና ጡቷ ነጠፈ። አባትየው ልጁን ሳያይ ነው የሞተ። ሕፃኑን አዝመራው አሉት። ነፍሱ የተንጠለጠለችው በአንዲት ላም ላይ ነበር፣ በቦራ። ቦራ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ትስላለች።

ፊደል ልታስቆጥር ከአዲስ አበባ የመጣች እህተማርያም የምትባል ዘማች ሳሉን ሰማች።

«እማማ፣ ይህች ላም ጤና የላትም። ለሕፃኑ ወተቱን አፍልተው ይስጡት።»

ዘውድነሽ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ላም የምታውቂው የወተት ቆርቆሮ ላይ ተስላ ነው መሰለኝ! ወተት እሳት ላይ ከገነፈለ የላሟ ጡት ይነጥፋል። ያን ጊዜ ምን ላጠጣው፣ መፈክር?»

«ጭሱ እንዳይኮመጥጥ ያቆየዋል እንጂ በሽታውን አይገድለውም።»

«እስቲ አሽትችው! ይህ የታመመ ወተት ነው?»

ልጅቱ አሸተተች። ወይራ ወይራ ይላል።

ደጊቱ ግን ሰምታ ኖሯል። እናቷ ገበያ ስትወርድ እየጠበቀች ታፈላ ጀመር። ወሩ መጋቢት ነው፣ ሣሩ አልቋል፤ የቦራ ወተት በግማሽ ቀነሰ። አንድ ቀን ዘውድነሽ ከገበያ ስትመለስ ወተት ያረረበት ድስት አገኘች።

«በገዛ እጅሽ ልጅሽን በረሃብ ልትፈጂው ነው?»

ከዚያ ወዲያ ቅሉን ደጊቱ እንዳትነካ ከለከለች። ሕፃኑን ራሷ ታጠጣዋለች፣ ቦራን በአገውኛ እያባበለች ራሷ ታልባለች።

ክረምት ገባ፣ ሣሩ ለመለመ፣ ወተቱም ተመለሰ። «አየሽ?» አለቻት ልጇን። ደጊቱ የምታየው ሌላ ነው። የአዝመራው አንገት ሥር እብጠት ወጥቷል፤ ማታ ማታ ያልበዋል፤ ክንዱ የጣት ያህል ሆኗል።

በጭቃው ተሸክመውት ዳንግላ ሐኪም ቤት አደረሱት። ድሬሰሩ አንገቱን ዳሰሰና ምን እንደሚጠጣ ጠየቀ።

«የላም ወተት።»

«ይፈላል?»

«በወይራ የታጠነ ነው» አለች ዘውድነሽ።

ድሬሰሩ እሷን ትቶ ደጊቱን አያት። ደጊቱ ወደ መሬት አቀረቀረች።

ልጁ መስቀልን አላየም። ለቀስተኛው ዓይን በልቶት ነው አለ። ደጊቱ አርባው እንደወጣ እንጅባራ ሰው ቤት ልትቀጠር ጓዟን ቋጠረች። ከደጃፉ ሆና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«በይ እማ፣ ላምሽን ያቆይልሽ።»

በማግሥቱ ዘውድነሽ የታለበውን ድስት ውስጥ ገልብጣ እሳት ላይ ጣደችው። ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስም አላወረደችው። ወር ሙሉ እንዲህ አደረገች። በየጧቱ ቦራ ሥር ቁጢጥ ስትል፣ ዛሬስ ነጥፎ ባገኘሁት እያለች ነበር።

አልነጠፈም።