የ798 ሜጋኸርዝ የቅርብ ጎረቤት

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ከድር በእጄ የሰጡኝ ብሎን መፍቻ ነበር። የተቀጠርኩት ኮድ ልጽፍ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ግን ደንበኛ መጣባቸው፤ እኔም እስከ ምሳ ሰዓት የላፕቶፕ ክዳን ስፈታ ቆየሁ። ዓይናፋር ሰው ሳያስበው ብዙ ሙያ ይማራል።

የጋሽ ከድር ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከፊት ቻርጀርና ኬብል ይሸጣል፤ ከኋላ መብራት ለሚቆራረጥባቸው ማሠልጠኛዎች በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች እንገጣጥማለን። ዋናው ቴክኒሻን ደሳለኝ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ኮዱንም የጻፈው እሱ ነው።

ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ብሎን ሲጠፋ መሳቢያው ይከፈትና መጀመሪያ እጅ የገባው ተቀራራቢ ብሎን ይታሰራል። ደሳለኝ «ይቀራረባል» ካለ ነገሩ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነትም ይሠራል።

አንድ ጠዋት አንጋጫ ላይ ማሠልጠኛ ያላቸው እትዬ ወርቅነሽ ከእኛ ከገዟቸው ማሽኖች አንዱን አቅፈው ገቡ።

«ከድር፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው ወይስ ምድጃ? ይግላል፤ ተማሪዎቼ ስማቸውን ጽፈው ሳይጨርሱ ደግሞ ባትሪው ያልቃል።»

«ስማቸው ረጅም ይሆናላ፣ እትዬ» አለ ደሳለኝ።

«ረጅምስ ያንተ ምላስ! ዛሬ ካልተስተካከለ ሁሉንም ጭኜ አመጣቸዋለሁ።» ይህን ብለው ወደ ገበያ ወጡ።

ጋሽ ከድር አልሳቁም። «ማሽኖቹ ከተመለሱብኝ መገጣጠሙን እተወዋለሁ፤ ቻርጀሬን እሸጣለሁ» አሉን። ቻርጀር ለመሸጥ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ አያስፈልግም። የእኔም ሥራ በዚያው ማለቁ ነው።

ማሽኑን የሚያሠራውን ኮድ ከፈትኩት። ፕሮሰሰር በተለያየ ፍጥነት ይሠራል፤ እያንዳንዱ ፍጥነትም የራሱ የኃይል መጠን አለው። ደሳለኝ እነዚህን ከፕሮሰሰሩ መመሪያ ወስዶ በሠንጠረዥ አስፍሯቸዋል፦ 700፣ 800፣ 900 ሜጋኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ፕሮሰሰሩ የተተከለበት ሰሌዳ ራሱ ግን ለስምንት መቶ የሚሰጠው ንባብ 798 ነው። ኮዱ 798ን ሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ ላለመሳሳት ብሎ ከፍተኛውን ኃይል ይለቃል። ሙቀቱም የባትሪው ማለቅም የመጣው ከዚህ ነው።

ለደሳለኝ አሳየሁት። ግንባሩን መታ። «ታዲያ ይቀራረባላ!» አለና ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። ልዩነቱ ከመቶ በታች ከሆነ ኮዱ እንዲቀበል አደረገ። ማሽኑ ቀዘቀዘ። ደሳለኝ እያፏጨ ካርቶን ውስጥ ከተተው።

እኔ ያንኑ ኮድ ሌላ ማሽን ላይ ጫንኩና ከበድ ያለ ሥራ ሰጠሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ። አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አሁንም ቆመ። ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ሳነብ ገባኝ። 798 ከ800 የሚርቀው በሁለት ብቻ ነው፤ ከ700 የሚርቀው ደግሞ በ98፣ እሱም ከመቶ በታች ነው። ኮዱ መጀመሪያ የሚያገኘው 700ን ስለሆነ የ700ን ኃይል ይሰጠዋል። ፕሮሰሰሩ በስምንት መቶ እየሮጠ የሰባት መቶ ቀለብ ሲሰጡት ይወድቃል። ደሳለኝ የመሳቢያውን ልማድ ኮዱ ውስጥ አስገብቶታል።

ቀና ስል እትዬ ወርቅነሽ ከገበያ ተመልሰዋል፤ የአንጋጫው ሚኒባስ ረዳት ደግሞ ካርቶኑን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል።

«ይቆማል» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ድምፄን ከፍ ማድረግ ስላልሆነልኝ ሄጄ ካርቶኑን አቀፍኩት።

«እህቴ፣ ልቀቂ እንጂ፤ መኪናው ሞልቷል» አለ ረዳቱ።

«አልለቅም።»

«ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ጋሼ፣ አንጋጫ ሲደርስ ይቆማል። እዚህ ላሳያችሁ።»

ሁሉም ፊት ከፈትኩትና ያንኑ ከባድ ሥራ ሰጠሁት። ቆመ። አሁን ሁሉንም ማሽን ሊመልሱብን ነው ብዬ አሰብኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ረዳቱን አዩት። «አንተ ሂድ፤ በሚቀጥለው እሄዳለሁ።» ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ተማሪ ፊት ከሚያዋርደኝ እዚህ ይዋረድ። ቀጥይ።»

ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ መጻፍ አልችልም፤ ያን ቀን ግን ጻፍኩ። ኮዱ መጀመሪያ ባገኘው ረድፍ ላይ እንዳይቆም አደረግኩ። ሁሉንም አይቶ ልዩነቱ ከሁሉ ያነሰውን ይመርጣል። የተመረጠውም ቢሆን ከአሥር ሜጋኸርዝ በላይ ከራቀ አይቀበለውም፤ ከፍተኛውን ኃይል ሰጥቶ ስህተት መኖሩን ይመዘግባል። ደሳለኝ ከኋላዬ ቆሞ እያንዳንዱን ፍጥነት እየጠራ ፈተነልኝ። «ሰባት መቶ! ስምንት መቶ!» ሲል የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ይመስል ነበር። ማሽኑ አልቆመም፤ አልጋለም።

በማግስቱ ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ከድር አዳምጠው ለእኔ አቀበሉኝ።

«ልጄ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ «ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ባትሪው ሳያልቅ እኛ ደክሞን ዘጋን። የቀሩትንም መጥተሽ ሥሪልኝ።»

ጋሽ ከድር መገጣጠሙን ሳይተዉ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ሰሌዳዎች አዘዙ። እኔም አንጋጫ ሄጄ የቀሩትን ማሽኖች አንድ በአንድ አስተካከልኩ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ከሰሌዳው የሚነበበው ፍጥነት ከሠንጠረዡ ጋር እኩል ይሆናል ብላችሁ አትጻፉ። ሁሉንም ረድፍ አይታችሁ የቅርቡን ምረጡ፤ የቅርቡም ከራቀ አትቀበሉት።