ከሲሬ የተላከልኝ ፍላሽ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያን ቀን የረዳኝን ሰው መልኩን እንኳ አላውቀውም፤ ለዚህም ይሆናል የማልረሳው።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በሙከራ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር የተማርኩት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በራሴ ነው። የታካሚዎችን ካርድ የሚያወጣውን ፕሮግራምም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ካልሠራ ጉቴ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ተመልሼ ቤት መቀመጥ ነው። ከዚያ ሞት ይሻለኛል።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። የታካሚዎቹ መረጃ ቅጂ ስላለኝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን ጀመርኩ። ፕሮግራሜ የሚፈልጋቸው፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ክፍሎች ከፓይተን፣ ፕሮግራሙን ከጻፍኩበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ የኢንተርኔት ማከማቻ ወረዱ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ ካርዱ ላይ ባርኮድ የሚያትመው። እሱን አንድ ግለሰብ በራሱ ገጽ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ገጹ ጠፍቷል። ያለሱ ደግሞ ፕሮግራሙ ገና ከመነሻው ይቆማል።

መስኮቱ ጋ ታካሚዎች ተሰልፈዋል። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አቅፋ ቆማለች። ኃላፊው ኦቦ ገመቹ፣ እስከ ምሳ ካልከፈትሽ ከፊንፊኔ ሰው አስመጣለሁ አሉኝ።

የፕሮግራም ጸሐፊዎች ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ድረሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሲሬ ከተማ የሚያስተምር የማላውቀው ሰው ደወለ። ኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ሁላችንም ያገኘነውን ፋይል ሁሉ ፍላሽ ላይ እናስቀምጥ ነበር። ኔት ሲመለስ እኔ ተውኩት፣ እሱ አልተወም። የጠፋብኝ የባርኮዱ ፋይል እሱ ጋ አለ። የሲሬ ኔት አልልክ ስላለው ፍላሹን ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠልኝ።

መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባስ በመጣ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የለም። ዝናብ ጀመረ። ከክሊኒክ ይደወላል፣ አላነሳም። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ሰውዬው ደወለና መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል አለኝ። አለቀልኝ አልኩት።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ባርኮድ የሌለው ሰው አይታከምም?»

«ይታከማል።»

«ታዲያ መናኸሪያ ምን ትሠሪያለሽ? ፕሮግራሙን ከሌለ እለፈው በይው።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ያ ክፍል ካለ ተጠቀም፣ ከሌለ ዝም ብለህ ቀጥል የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ። ተከፈተ። ካርዶቹ ያለ ባርኮድ ታተሙ። ኦቦ ገመቹም ከፊንፊኔ ሰው ማስመጣቱን ተዉት።

ፍላሹ ወደ ማታ ደረሰ። በማግስቱ ደውዬ ላመሰግነው ስጀምር፣ «ምስጋናው ይቆይ፣ ፍላሼን መልሺ» አለኝ። በሾፌር ላኩለት።

ሥራው ላይ አለሁ። ያቺ እናት ያን ቀን ልጇን ይዛ ስትገባ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ምን እንደተፈጠረ አታውቅማ። በባርኮድ ምክንያት ያን ሁሉ ሰዓት እንዳቆምኳት ሳስብ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።