የባሌ አባት ስም

ከአገሬ ከአንጋጫ የተነሳሁት ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የባሌ እናት ቆጮውን በኮባ እየጠቀለሉ «እዚያ ሄደሽ እንዳታሳፍሪን» ሲሉኝ አደሩ። ባሌ ዳንኤል ካርቱም ሆስፒታል ውስጥ ቁስል አጣቢ ሆኖ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሆሳዕና የነበረው የፈረንጅ ሐኪም ሚስት ታማ በአውሮፕላን ወደዚያው ልትሄድ ነው፣ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው ጠፋ ሲባል ሰማሁና «እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ። አውሮፕላን ምን እንደሚመስል እንኳ አልጠየቅሁም።

እስከ አዲስ አበባ በበቅሎ ሄድን። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም ልነግራችሁ አልችልም፤ ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስገልጠው ከታች ዛፉ ሁሉ ጎመን አክሏል። ሕፃኑ ተኛ፣ እኔ አስመለሰኝ።

ካርቱም ደርሰን በሩ ሲከፈት እሳት ዳር የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሐምበርቾን ሲያይ የኖረ ዓይኔ የሚያርፍበት ተራራ አጣ። አንድ የእንሰት ቅጠል የለም፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን ይጠለላል ብዬ አዘንኩላቸው። አንዲት ሴት ኪስራ የሚሉትን ስስ ቂጣ ሰጠችኝ። ቅቤ አልነካውም፣ አፌ ላይ ምንም አላለኝም። ሴትዮዋ ግን ላቤን አይታ በልብሷ ጫፍ አራገበችልኝ፤ እዚህም ሰው አለ አልኩ በልቤ።

የሐኪሙን ሚስት ከነሕፃኗ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። እኔን ወደ አንድ ቢሮ አስገቡኝ። መዝገብ የያዘ፣ አፈንዲ የሚሉት ጸሐፊ ተቀምጧል፣ አጠገቡ አስተርጓሚ ቆሟል፤ አስተርጓሚው ጎንደሬ ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸው በሚጀምርበት ፊደል የሚነሳ ሌላ ቃልም አይወጣትም፣ ምትክ ትፈልግለታለች። ባሊሻ እንለዋለን። እኔም እስከዚያ ቀን ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ባማርኛም ሳይቀር። ያችን ፊደል አሁንም በራሴ ቃል አልጽፋትም፤ አስተርጓሚው ሲናገር ትደርሱባታላችሁ።

«እህቴ፣ እዚህ ዋስ አለሽ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«የሚቆምልኝ ሰው አለ።»

«እኮ፣ ዋስ።»

«እሱው ነው ጌታዬ። ባሌ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«ዳንኤል።»

«ዳንኤል ማን? የማን ልጅ?»

«የአባቱ።»

አስተርጓሚው አፈንዲውን አየት አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «አባቱ ስም የለውም?»

«አላቸው እንጂ።»

«ማን ይባላል?»

«እኔ አልጠራቸውም።»

«ተጣልታችኋል?»

«ኧረ በጣም እንዋደዳለን።»

አፈንዲው ይህ ሲተረጎምለት ብዕሩን አስቀመጠ። ሆስፒታሉ የላከው ወረቀት ላይ የባሌ ስም ከነአባቱ ተጽፏል፤ እኔ የምለው ከዚያ ጋር ካልገጠመ በማግሥቱ በሚመለሰው አውሮፕላን ትሄጃለሽ አለኝ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጽፌ አላመልጥም። ልማዳችንን ለአስተርጓሚው ነገርኩት። አዘነልኝ መሰለኝ ረጅም አድርጎ ተረጎመው። የአፈንዲው መልስ ግን አጭር ነበር።

«ሚስቱ ብትሆኚ ታውቂው ነበር ይልሻል።»

«ሚስቱ ባልሆን እኔም እንደ ሰው እጠራቸው ነበር በሉልኝ» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቀ። አፈንዲው አልሳቀም፣ መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ሰው ከግድግዳው ወዲያ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩና ስሙን ተናገርኩት።

«ከፍ አድርጊው።»

ደገምኩት። አፈንዲው በአረብኛ አፉ አጣሞ ሲለው እኔ አፈርኩ። እንደዚያ አይደለም ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ ጠራሁላቸው። ማኅተሙ ወረደ፣ አለፍኩ።

ዳንኤል ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሞ ኖሯል። ሁሉንም ሰምቷል። ይቆጣኛል ብዬ ፊቴን ሳልገልጥ ቆምኩ። «የአባቴን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ» አለኝ። «እዚህ ዳንኤል ሀበሺ ነው የሚሉኝ።» ከዚያ አለቀሰ። እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ፊደሉን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይኸው እጽፍላችኋለሁ። ይህን ለባሌ እናት አታንብቡላቸው። ካርቱም ሙቀቱንም ኪስራውንም ለምጄዋለሁ። ዳንኤል ግን አገሩ ሲናፍቀው፣ ከሥራ መጥቶ እግሩን ሲታጠብ፣ «እስቲ አንዴ ጥሪልኝ» ይለኛል። ላደርግለት እፈልጋለሁ፣ አፌንም እከፍታለሁ። ለማያውቃቸው ሰው መዝገብ ሦስት ጊዜ የጠራሁትን ስም፣ ለገዛ ልጃቸው አንድ ጊዜ መጥራት አቃተኝ።