የአዴ ዘምዘም ስጋጃ

የአዴ ዘምዘም ቤት ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ሌላውን የሚያሳልፍባት ጠባብ መንገድ አለች፣ እዚያች ላይ። ቤቱ ከአያት የወረደ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ፣ እንግዳ እንደየማዕረጉ የሚቀመጥባቸው አምስት መደቦች ያሉት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን የተሞላ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አዴ ዘምዘም ያን ሁሉ ሳህን እየወለወሉ ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ነስሮ የሚባለው አስጎብኚ ደጃፋቸው ላይ ቆመና፣ "አዴ፣ ፈረንጅ ከዓለም ዳር የሚመጣው ይህን ለማየት ነው እኮ። ለምን በሩን አይከፍቱለትም?" አላቸው።

"ሳህኔን ለማየት? የራሱ ሳህን የለውም?" ብለው ሳቁበት።

የሆነ ሆኖ ከፈቱ። መጀመሪያ የመጡት ባልና ሚስት ሲወጡ ብር ቢዘረጉላቸው፣ አዴ ዘምዘም እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። እንግዳ ከቤታቸው ከፍሎ ሊወጣ? አስተግፊሩላህ! ጭራሽ አንዲት ትንሽ ስፌት አሸክመው ሸኟቸው። ነስሮ ራሱን ያዘ። "አዴ፣ በዚህ አያያዝዎ እኮ ፈረንጁን የሚረዱት እርስዎ ሊሆኑ ነው!" በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ክዳን ያለው ስፌት በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ እንግዳው የፈቀደውን ይጥላል፣ አዴ ዘምዘም ደግሞ በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ወደ ጓዳ ያዞራሉ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ያ በር ከተከፈተ በኋላ የመንገዷ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጎረቤታቸው ዋፊቃ የሰፋችውን ስፌት በራፏ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ሙሜ እንግዶቹን ከሸዋ በር በባጃጁ ያመላልሳል። ኋላ ያ በሽታ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳ ድራሹ ጠፋ። ዋፊቃ ስፌቱን ትታ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረች፤ የአዴ ዘምዘም ጣሪያም ማፍሰስ ጀመረ።

አምና ፈረንጁ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ነስሮ አዲስ ሐሳብ ይዞ ከተፍ አለ። "አዴ፣ እንግዶቹ ከበሩ በላይ ያለውን እንጨት ቀና ብለው ያዩና 'እዚህ ቤት ስጋጃው የታለ?' ይሉኛል።"

የጀጎል ሰው ይህን ያውቃል፤ ለማያውቅ ልንገር። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ስጋጃ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ያልተዳረች ልጅ አለች ማለት ነው። ስትዳር ስጋጃው ይወርዳል። የአዴ ዘምዘም አንድያ ልጅ ሱመያ ደግሞ ከተዳረች አራት ዓመቷ ነው፤ ድሬዳዋ አግብታ እዚያው እንግሊዝኛ ታስተምራለች።

"ለፎቶ ብቻ ነው!" አለ ነስሮ። "ማንን ይጎዳል?"

እውነትም ማንን ይጎዳል ብለው ሰቀሉት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሳሩማ ሳር ነበር፣ አልዋሽም። እንግዳው ስጋጃውን ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው ያሳያል፣ ጓደኛው በተራው ይመጣል። ዋፊቃ ሽንኩርቷን ጥላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የአዴ ዘምዘም ጣሪያ ተጠገነ። ነገር ግን ስጋጃው ለፈረንጅ ጌጥ ይሁን እንጂ ለጀጎል ሰው አዋጅ ነው። የዘምዘም ልጅ ከባሏ ተፋትታ ተመልሳለች፣ ያውም ከሰው ተደብቃ ተባለ! በአፎቻቸው፣ በሴቶቹ እድር ላይ፣ አንዷ እጃቸውን ጨበጥ አድርጋ፣ "አይዞሽ፣ አላህ በተሻለ ይተካልሽ" ትላቸዋለች። እሳቸው ስለ ጣሪያው መስሏቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ተክቶልኛል፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው" ይላሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ የሱመያን አማት ሲያስለቅስ፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱመያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከች አለች። ቦርሳው ደግሞ ነገሩን አባሰው! ዋፊቃ ከደጃፏ ሆና፣ "ምስኪን፣ ዕቃዋንም ይዛ መጣች" ብላ ዓይኗን ጠረገች።

"ኡሚ፣ ተፈትቻለሁ እንዴ?" አለች ሱመያ፣ ገና ከበሩ ወደ ላይ እያየች።

"ያ አላህ! ማነው እንዲህ ያለ?"

"አንቺ ነሻ! ይኸው ሰቅለሽ ያወጅሽው! አማቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ባሌን ሱቁ ድረስ እየመጡ 'ምን አድርጋህ ፈታሃት?' ይሉታል። አውርጂው።"

አዴ ዘምዘም መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። ነገሩ ሁሉ አሁን ገባቸው፤ የአፎቻው እጅ መጨበጥ ሳይቀር። "እኔን አፈር ይብላኝ" አሉ። ግን ደግሞ፣ "ዛሬ ሃያ ሰው ይመጣል፣ ልጄ። ስጋጃው ከወረደ እንግዳው ሌላ ቤት ነው የሚሄደው። ዋፊቃ ተመልሳ ሽንኩርት ልትቸረችር ነው፣ እኔም በሬን ልዘጋ ነው። ነገ ላውርደው?" ብለው ለመኗት።

"አሁን።"

አወረዱት። እናት በአንድ ጫፍ ልጅ በሌላው ይዘውት ወለሉ ላይ ሳያሳርፉ፣ ነስሮ "አሰላሙ ዓለይኩም!" እያለ እንግዶቹን አስገባ። ቤቱ ከአስር ሰው በላይ ስለማይችል የቀሩት አስሩ ውጭ ቆመዋል። ነስሮ ባዶውን እንጨት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "ሱመያ፣ በይ አንቺው አስረጃቸው" ብሎ ውጭ ወዳሉት ሹልክ አለ።

አንዲት ሸበቶ ሴት ወደ ላይ ጠቁማ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ስጋጃው ለምን የለም ትላለች" አለች ሱመያ ለእናቷ።

አዴ ዘምዘም የሚሉትን ውሸት ፈለጉ፣ አላገኙም። "ይቺን ልጅ ዳርኩና አወረድኩት በያት" አሉ። "እልል እያልኩ ነው ያወረድኩት። ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ግን ዘረጋሁትና ተኛሁበት። ልጅ ሆና እላዩ ላይ ነበር የምታጠናው፤ ጥጉ ላይ ያፈሰሰችው ቀለም አለ። እሱን እየዳሰስኩ ሦስት ቀን አልተነሳሁም።"

ሱመያ ይህን እንደምንም ተረጎመችላቸው።

"ነስሮ ይስቀሉት ሲለኝ ለእንግዳው ብዬ ነው አልኩ። እሱም ሐሰት አይደለም፤ እንግዳው ጣሪያዬን ጠግኗል። ግን ወላሂ፣ ስጋጃው ከላይ ሲሆን ልጄ ቤት ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ከገበያ ስመለስ ቀና ብዬ አየውና 'መጣሁ' እለዋለሁ።"

ሱመያ አፏን ከፈተች፤ እንግሊዝኛው ጠፋባት። ሸበቶዋ ሴት በቀስታ፣ "ምን አሉ?" ብላ ጠየቀቻት።

ሱመያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ናፍቀሽኛል ነው ያለችኝ" አለቻት።

ያ ባዶ እንጨት የዚያን ቀን የተነሳውን ፎቶ ስጋጃው በዓመት አልተነሳውም። ሸበቶዋ ሴት ከዋፊቃ ሦስት ስፌት ገዛች። ሁለተኞቹ አስር ሲገቡም ከፊተኞቹ ሰምተው ኖሮ፣ መጀመሪያ ያዩት እንጨቱን ነበር። ስጋጃው እንደወረደ የጎረቤቱም ወሬ አብሮት ወረደ። ነስሮ እንደሆነ ወዲያው ነው ነፍሱ የተመለሰችው፤ አሁን በሌላው ቤት ስጋጃ ያሳይና በመጨረሻ "ባዶውን ደግሞ እንይ" ብሎ ወደ አዴ ዘምዘም ይዟቸው ይመጣል።

አዴ ዘምዘም ግን ያን ነገር ዳግም አልተናገሩትም። የምትነግረው ሱመያ ናት። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከድሬዳዋ ትመጣለች፤ እንግዶቹ ሲወጡ እናትና ልጅ ስጋጃው ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። ይህን ያህል መንገድ ምን ያመላልስሻል ብሎ ሰው ሲጠይቃት፣ "ለእንግዳው ብዬ ነው" ትላለች፣ ልክ እንደ እናቷ።