በፕላስተር ያሸግኳት ቁልፍ

ልጄ አዲሱን ላፕቶፕ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የፈለግሁት ስክሮል ሎክ የምትባለውን ቁልፍ ነው። መነጽሬን አድርጌ ጥግ ጥጉን በጣቴ ዳሰስኩ፤ የለችም።

«እማ ደግሞ! እሱን ማን ይጠቀምበታል? ቀርቷል እኮ» አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች። በዚያች ቁልፍ ስንቱን አየሁ መሰላችሁ።

ስምንተኛን አቋርጬ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት እማር ነበር። ክፍሏ የቆርቆሮ ናት፤ ከሰዓት ላይ የጋለ ፕላስቲክ ትሸታለች፣ የባጃጅ ጥሩምባና አቧራ በበሩ ይገባል። እኔና ጓደኛዬ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው።

ያቺን ቁልፍ ሲጫኗት አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ከዚያ ባለቀስቶቹን ቁልፎች ሲነኩ ጠቋሚው ካለበት ሳይነቃነቅ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰንጠረዥ በሙሉ ይንሸራተታል። ረጅም ሰንጠረዥ ለማየት ነው የተሠራችው ይለን ነበር አሰልጣኛችን። ለጓደኛዬ ግን የተሠራችው እኔን ለማናደድ ነው። ወደ አሰልጣኙ እያየች በክርኗ ጫን ታደርጋታለች፤ ሰንጠረዡ ሲሸሸኝ ማሽኑን የሰበርኩ እየመሰለኝ በላብ እጠመቃለሁ።

«ኧረ ተዪኝ አንቺ! አበላሸሽ ብለው ቢያባርሩኝስ?»

«ምነው እቴ፣ መብራቷን እንኳ ቀና ብለሽ አታይም?» ብላ ትስቃለች።

ሥልጠናው ሲያልቅ አሰልጣኙ በፈተናው ለምትበልጠው አንዲት ልጅ እዚያው የጸሐፊነት ሥራ እንደሚሰጥ ነገረን። በዋዜማው ስንለያይ ጓደኛዬ፣ «እናቴ ትሙት፣ ነገ አልነካብሽም» አለችኝ። ማን ያምናታል? በማግስቱ ቀድሜ ገብቼ ቁልፏን በቁስል ፕላስተር አሸግኳት።

አልመጣችም። በር በሩን እያየሁ ተፈተንኩ፤ ጠቋሚው እሺ ብሎኝ ዋለ፣ ሥራውንም አገኘሁ። እየሮጥኩ ቤቷ ስሄድ እናቷን ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው።

«በአፋር በኩል ወደ ሳዑዲ ሄደች ልጄ» አሉኝ። «ሥራው ለሷ ይሁን፣ እሷ ፈሪ ናት፣ ለመንገድ አትሆንም ብላለች።»

ተናደድኩ። ዛሬም እናደዳለሁ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳይናገር ይሄዳል? ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ፕላስተሩን ላጥኩና ቁልፏን ራሴ ተጫንኳት። መብራቷ በራች፣ ሰንጠረዡም ሸሸ።

«ኧረ ተዪኝ አንቺ!» አልኩት ጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር።